የእናት እጅ ሲታመም

በዚህ ወር ስለ ጅማት ሕመም እንነጋገራለን።

በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አካባቢ የአጨዳው ወቅት ሲደርስ ገበሬው ቀኑን ሙሉ ማጭድ ይዞ ይውላል። እናቶቻችን ደግሞ ዓመቱን በሙሉ በርበሬ ይወቅጣሉ፣ ልብስ ይጨምቃሉ፣ ሕፃን ያነሣሉ። ከዚያም አንጓቸውን በአውራ ጣት በኩል፣ ወይም ክርናቸውን ይጠዘጥዛቸዋል። «ብርድ ነው» ብለው ሥራቸውን ይቀጥላሉ።

ጅማት ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ፣ ከብዙ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ገመድ ነው። አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ ያለ ዕረፍት ሲደጋገም ክሮቹ ይጎዳሉ። ሰውነት ይጠግናቸዋል፤ ጉዳቱ ጥገናውን ከቀደመው ግን ጅማቱ ይወፍራል፣ ይደክማል። የሚደርሰው ደም ከጡንቻ ያነሰ ስለሆነ ለመዳን ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጅበታል።

ጉዳቱ ብርቱዎችንም አይምርም። አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በመስከረም 1993 ዓ.ም. በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ወርቅ ያገኘው የተረከዙን ጅማት እያመመው ነበር። በኋላ በቀዶ ሕክምና ታክሞ፣ በዚያው ዓመት ነሐሴ በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና 3ኛ ወጣ። አትሌት ውድድር አቁሞ ይታከማል፤ እናት ግን ቤቷን ማን ይይዝላታል?

መፍትሔው ምንድን ነው? በመጀመሪያ ሕመሙን የሚቀሰቅሰውን ሥራ መቀነስ ነው። ሆኖም እጅን ለወራት አስሮ ማስቀመጥ ጅማቱን ያደክመዋል። ሕመሙ ጋብ ሲል በቀላል ሸክም፣ ቀስ እያሉ ማሠራት ያጠነክረዋል። ቀላል ሕመም ቢኖር አያስጋም፤ በማግሥቱ ከባሰ ግን ሥራው በዝቷልና ይቀነስ። ያመመውን ቦታ በኃይል መታሸት ሊያባብሰው ይችላል። በድንገት «ቋ» ብሎ እጅ ወይም እግር አልታዘዝ ካለ፣ ወይም እብጠትና ትኩሳት ከመጣ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሐኪም መሄድ ይገባል።

ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) ሰውነታችን በእኛ ላይ ሐቅ እንዳለው አስተምረውናል። እርሳቸውም ቤተሰባቸውን በቤት ሥራ ያግዙ ነበር። እንግዲያው አባቶችና ወጣቶች፣ ሙቀጫውንና የልብስ ጭመቃውን ለጥቂት ሳምንታት እንረከባቸው። ያለዚህ «እረፊ» ማለት ባዶ ምክር ነው።

አላህ (ሱ.ወ.) ለእናቶቻችን ዓፊያውን ይስጥልን። አሚን!