ግሉኮስ ከመሰቀሉ በፊት

«አዞረኝ» ብሎ ጤና ተቋም የሄደ ሰው የሚጠብቀው ነገር የታወቀ ነው፤ ግፊቱ ይለካል፣ ደሙ ይመረመራል፣ ግሉኮስ ይሰቀልለታል፣ ክኒን ይዞ ይመለሳል። እናቴ በዚሁ መንገድ ብዙ ተመላልሳለች። ግፊቱም ደሙም ደህና ነው ይሏታል፤ ማታ አልጋዋ ላይ ወደ ቀኝ ስትገላበጥ ግን ጣራው ይሽከረከርባታል። ከመደርደሪያ ዕቃ ለማውረድ ቀና ስትል ግድግዳ ትደገፋለች። ጎረቤቶቻችን ጨጓራ ነው አሉ፣ ጾም ነው ያሉም ነበሩ።

ነገሩን የፈታው አንድ አንገት በላይ ሐኪም ነው። «እማማ፣ ሲይዝዎት ምን እያደረጉ ነው? ምን ያህልስ ይቆያል?» አላት። ጭንቅላቷን ስታንቀሳቅስ ይጀምራል፣ ደቂቃ ሳይሞላ ይለቃታል፣ ጆሮዋም ደህና ይሰማል። ለሰዓታት የሚቆይና ጆሮ ላይ የሚጮኽ ቢሆን ሌላ በሽታ ይጠረጠር ነበር። ከዚያ አስቀምጦ ጭንቅላቷን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ አዞረና፣ ፈጠን አድርጎ በጀርባዋ አስተኛት። ዓይኖቿ ይርገበገቡ ጀመር። እ.ኤ.አ. በ1952 ዲክስና ሆልፓይክ የተባሉ ሐኪሞች የገለጹት ይህ ምርመራ ማሽን አይፈልግም፤ አልጋና የሠለጠነ ዓይን ይበቃዋል።

በውስጥ ጆሯችን ሚዛናችንን የሚያግዙ ደቃቅ የካልሲየም ጠጠሮች አሉ። ዕድሜ ሲገፋ ወይም ጭንቅላት ሲመታ ተላቀው ፈሳሽ ወደሞላባቸው ጠማማ ቦዮች ይገባሉ። ጭንቅላት በተንቀሳቀሰ ቁጥር ፈሳሹን ስለሚያናውጡት አንጎል ያልዞረውን ዞረ ይላል። ክኒን ጠጠሩን ከዚያ አያወጣውም። የሚያወጣው አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ1992 ያሳተመው፣ ጭንቅላትንና ገላን በቅደም ተከተል የማዞር ዘዴ ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። እናቴ ያንኑ ሳምንት እንደ ልቧ ተገላብጣ ተኛች። ሊመለስ ይችላል፤ ሲመለስም በዚያው ዘዴ ይታከማል።

ይህን ለመሥራት የግድ ስፔሻሊስት መሆን አያስፈልግም። የጤና መኮንኖችና ነርሶች ሊማሩት ይችላሉ፣ ሊማሩትም ይገባል። ማዞር አዛውንትን ይጥላል፤ በዚያ ዕድሜ የተሰበረ ዳሌ ደግሞ አልጋ ላይ ያስቀራል። በየጤና ጣቢያው ግሉኮሱ ከመሰቀሉ በፊት እነዚያ ሁለት ጥያቄዎች ይጠየቁ፤ ካልተጠየቃችሁም ራሳችሁ ተናገሩ።

ማዞሩ ግን አፍ ከመያዝ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከመታየት፣ ከእጅና እግር መዛል ወይም ድንገት ከመጣ ኃይለኛ ራስ ምታት ጋር ከሆነ ስትሮክ ሊሆን ይችላልና በዚያችው ሰዓት ወደ ሆስፒታል ሂዱ።