ቱቦው ከመግባቱ በፊት

በሀገራችን «ጨጓራ» የሰውነት ክፍል ስም ብቻ ሳይሆን የበሽታም ስም ነው። በጋሞ ዞን ደግሞ ጉዳዩ ከጨጓራም ያልፋል። በአባያና በጫሞ ሐይቆች አካባቢ የሚታየው ቢልሃርዚያ ጉበትን ለዓመታት ሲጎዳ፣ በምግብ ቧንቧ ግድግዳ ላይ ያሉ የደም ሥሮች ሊያብጡ ይችላሉ፤ ከፈነዱ ሕመምተኛው ደም ያስታውካል። እነዚህን የደም ሥሮች የሚያሳየው፣ በቀለበት አስሮ ለማከምም የሚያስችለው ኢንዶስኮፒ ነው። ሕክምናው ግን በአንድ ጊዜ አያበቃም፤ በየጥቂት ሳምንቱ መመለስን ይጠይቃል። በመጀመሪያው ቀን የተሠቃየ ሰው ለሁለተኛው ይመጣልን?

አበው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ይላሉ። በሽታውን ተናግሮ ቱቦውን ፈርቶ የሚመለሰውን ግን በዚህ አባባል ልንወቅሰው አይገባም።

እ.ኤ.አ. በ1868 ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል ጨጓራን በቀጥተኛ ብረት ቱቦ ለማየት ሲሞክር የተጠቀመው ሰይፍ በመዋጥ ትርዒት የሚያሳይ ሰው ነበር። ሌላ ማን ሊችለው! የዛሬው ቱቦ ተጣጣፊ ሲሆን ውፍረቱ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። የሚገባው በምግብ ቧንቧ በመሆኑ ትንፋሽ አይዘጋም። ለምርመራ ከጨጓራ ሽፋን ቅንጣት ሲቆነጠርም አያምም። የሚያስጨንቀው የጉሮሮ መተናነቅና ጨጓራው በአየር ሲነፋ የሚሰማው መወጠር ነው።

«አምስት ወይም አሥር ደቂቃ ነው፤ ይቻላል» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። አንስማማም። የሚታገል ሕመምተኛ ራሱ ከመሠቃየቱም በላይ መታየት ያለበት ቁስል እንዲታለፍ ያደርጋል። ጉሮሮን የሚያደነዝዘው የሊዶኬይን ርጭት ርካሽ ነው፤ እስኪለቅ ድረስ አለመብላትና አለመጠጣት ብቻ ይበቃል። ለማንኛውም ሕመምተኛ ሊቀርብለት ይገባል እንላለን።

በደም ሥር የሚሰጠው ሚዳዞላም ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ጭንቀትን ያስወግዳል፣ ምርመራውንም ያስረሳል፤ ነገር ግን በተለይ ከፔቲዲን ጋር ሲሰጥ ትንፋሽን ሊያዳክም ይችላል። ስለዚህ በጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ፣ ኦክስጅንና ሕመምተኛውን ብቻ የሚከታተል ነርስ በሌሉበት ባይሰጥ ይሻላል። በዚህ ነጥብ ላይ ለአዘኔታም ቢሆን ቦታ የለንም።

አንድ የጨንቻ ገበሬ ብቻውን ወርዶ በዚያው ቀን ሊመለስ አስቧል እንበል። ሚዳዞላም የወሰደ ሰው አእምሮው የጠራ ቢመስለውም እስከ ማግሥቱ ሞተር መንዳት የለበትም፤ ያንን ጠመዝማዛ ዳገትም ብቻውን መጓዝ አይገባውም። ማደሪያና አጃቢ ከሌለው መድኃኒቱ ቢኖርም ለእርሱ እንደሌለ ነው። ይህን ምርመራው ጠረጴዛ ላይ ሳይሆን ቀጠሮው በተሰጠበት ቀን፣ የሚቻል ከሆነም በጋሞኛ፣ ሊነገረው ይገባ ነበር፤ ምናልባት ልጁን ይዞ በመጣ።