ባለቤትሽ መጠጥ ሲያቆም

የዛሬው ጉዳይ ደስ የሚል አይደለም፤ ደባርቅና ዳባት ላለን ግን ሩቅ አይደለም።

ለዓመታት አረቄ ሲጠጣ የኖረ ባል ልቡ ተነክቶ "ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ" ይላል። ቤቱ በእልልታ ይሞላል። በማግስቱ እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቀዋል፣ እንቅልፍ ያጣል። አንዳንዱን እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፈዋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ቀን ደግሞ የሌለ ነገር የሚያይ፣ ከማይታይ ሰው ጋር የሚነጋገር አለ። እውነቱን እንነጋገር፤ ብዙዎቻችን "ጋኔኑ ተነሣበት" ብለን በሩን ዘግተን እንገሥጻለን።

እህቴ ሆይ፣ ጸልዪ፤ ግን መኪና እየተፈለገ ጸልዪ። ብዙ አልኮል የለመደ አንጎል በድንገት ሲከለከል የሚመጣ ሕመም ነው፤ ይገድላልም። ሆስፒታል ከደረሰ ዳያዝፓምና ቫይታሚን ቢ1 እየሰጡ፣ እየተከታተሉ ያሳልፉታል።

ታዲያ መጀመሪያ የሚያገኘው ባለሙያ ሕመሙን ለይቶ ያውቀዋል ወይ? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 የአእምሮ ሐኪም በሌለበት ለሚሠሩ ነርሶችና ጤና መኮንኖች መመሪያ አውጥቷል፤ የአልኮልና የአደንዛዥ ዕፅ ሱስ አለበት። አገራችንም ለሥልጠና ተጠቅማበታለች። ድርጅቱ ያዘጋጀው 10 ጥያቄ ያለው መጠይቅም አለ፦ በስንት ቀን ትጠጣለህ? ስንት ትጠጣለህ? ጠጥተህ ተጸጽተህ ታውቃለህ? የሠለጠነ ነርስ ለጨጓራ ሕመም የመጣውን ሰው ሳያሳፍር ይህን ይጠይቀዋል። ያልሠለጠነው የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቶ ይሸኘዋል።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በዳባት ወረዳ፣ ጭና ላይ ንጹሐን ተገድለዋል። እንዲህ ያለ ሐዘን በገባበት አገር አረቄ የእንቅልፍ መድኃኒት ይሆናል። ስለዚህ ጥያቄው ከሆስፒታል ወርዶ የጤና ኤክስቴንሽን እህቶቻችን ዘንድ መድረስ አለበት። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በተዘረጋው ፕሮግራም ደጃፋችን ድረስ የሚመጡት እነርሱ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው አልኮል እንዳይሸጥ ከልክሏል፤ በየቤታችን ግን ለሕፃን ጠላ የሚያቀምስ አያት ሞልቷል። ይህን ከእነርሱ በቀር ማን ያየዋል?

በጉባኤያችን ያላችሁ ነርሶች፣ ይህን ሥልጠና ከአለቆቻችሁ ጠይቁ። ከሥልጠናው ግማሹ ምስጢር መጠበቅ ነው። (እኛም "ለጸሎት ርእስ" እያልን የሰው ገመና የምናወጣው ብንማረው ደግ ነበር።)

አንቺም ሆስፒታል ስትደርሺ አታድበስብሺ። ስንት ዓመት እንደጠጣ፣ በቀን ስንት መለኪያ፣ የመጨረሻውን በስንት ሰዓት እንደጠጣ፣ ጫት ወይም ክኒን ካለበትም እርሱን ጨምረሽ ንገሪያቸው።