ቴምብሩና የአያት ትዝታ



ቴምብር መሰብሰብ ሲባል ብዙ ወጣቶች ያገኙትን ሁሉ ደብተር ላይ መለጠፍ ይመስላቸዋል። እንዲህ ያለው ደብተር ዓይን ይስብ ይሆናል፤ ብዙም አያስተምርም። አንድ ርእስ መርጦ ቴምብሩን፣ የመጀመሪያ ቀን ፖስታውንና የጋዜጣ ቁራጩን አንድ ላይ ያደራጀ ግን የታሪክ መጽሐፍ አዘጋጀ ማለት ነው። ለእኛ ለጎብዬና ለቆቦ ቆላ ልጆች የሚስማማ አንድ ርእስ ልጠቁም፦ ወባ።

የዓለም ጤና ድርጅት በ1947 ዓ.ም. ወባን ከምድር ለማጥፋት ዘመቻ አወጀ። በ1954 ዓ.ም. ዘመቻውን ለማስተዋወቅ ከመቶ በላይ አገሮች የወባ ቴምብር ሲያወጡ ኢትዮጵያም አንዷ ነበረች። የአልበማችሁ የመጀመሪያ ገጽ ለዚህ ቴምብር ይሁን። የመጀመሪያ ቀን ፖስታ ካገኛችሁም እጅግ መልካም ነው። ይህ ቴምብሩ በወጣበት ዕለት ተለጥፎበት፣ በዚያው ቀን ማኅተም የተመታበት ፖስታ ነው። ማኅተሙ የቀኑ ምስክር ስለሆነ ቴምብሩን ከፖስታው ቆርጣችሁ አታውጡ። ዋናውን ካጣችሁ ፎቶ ኮፒ አስገቡና «ቅጂ» ብላችሁ ጻፉበት።

ሁለተኛው ገጽ የጋዜጣና የመጽሔት ቁራጭ ነው። ቴምብሩ «ወባ ይጠፋል» የሚል ተስፋ ነበር፤ ቁራጮቹ የሆነውን ይናገራሉ። ቴምብሩ ከመውጣቱ ጥቂት ዓመታት በፊት፣ በ1950 ክረምትና በ1951 መጀመሪያ በአገራችን በተነሳው ወረርሽኝ ሦስት ሚሊዮን ያህል ሰው ታሞ 150 ሺህ ያህል እንደሞተ ተገምቷል። በ1961 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ ማጥፋቱ በየአገሩ ቶሎ እንደማይሳካ ተቀብሎ ዕቅዱን ከለሰ። ዛሬም ወባ አለ። በእያንዳንዱ ቁራጭ ላይ የጋዜጣውን ስምና ቀን መጻፍ አትርሱ፤ ቀን የሌለው ቁራጭ ማስረጃ አይሆንም።

ሦስተኛው ገጽ በየትኛውም ፖስታ ቤት አይሸጥም። የቆቦና የጨርጨር ሜዳ በ1940ዎቹ መጨረሻ በአገራችን የወባ መከላከል ሙከራ ከተጀመረባቸው የመጀመሪያ ቦታዎች አንዱ ነበር። ቤት ለቤት ዲዲቲ ሲረጭ ያዩ አዛውንቶች ዛሬ ጥቂት ናቸው። አያታችሁን፣ ጎረቤታችሁን ጠይቁ፦ ረጪዎቹ ሲመጡ ሰዉ ምን አለ? ዕቃው የት ወጣ? በንዳዱ ከቤተሰብ ማን ሞተ? መልሱን በራሳቸው አነጋገር ጽፋችሁ ከቴምብሩ ፊት ለፊት አድርጉት። ቴምብሩን ነገም ገዝታችሁ ታገኙታላችሁ፤ የእነርሱን ቃል ግን አታገኙትም።

ስለ አያያዙ ጥቂት ልበል። ቴምብርን በወረንጦ ያዙ እንጂ በላብ እጅ አትንኩ። በሙጫ አታጣብቁ፤ ፖስታውን በአራት የወረቀት ማዕዘን ያዙት። የጋዜጣ ወረቀት እየቆየ ስለሚበላሽ ቅጂውን ቀድማችሁ አስቀምጡ። በቆላችን ምስጥ ስላለ አልበሙን ከመሬትና ከግድግዳ አርቁ።

የወባ ዋና ወቅት ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ነው። ታናናሾቻችሁን ሰብስባችሁ አልበሙን የምታሳዩበት ቀን ከዚያ በፊት ይሁን። የአያታቸውን ቃል የሰማ ልጅ አጎበሩ ለምን እንደሚዘረጋ አይጠይቅም፤ ራሱ ይዘረጋዋል፣ ኢንሻ አላህ።