ሰቅሎ መሰየም፦ አባ ኮስትር በላይ እና ያልተከፈተው መዝገብ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጎጃም የሚሻገር መንገደኛ የዓባይን በረሃ ወርዶና ወጥቶ የመጀመሪያውን የደጋ ነፋስ የሚቀበለው ደጀን ላይ ነው። ከዚያ የሚገነጠለው አንዱ መንገድ ብቸናን፣ ደብረ ወርቅንና ሞጣን አቋርጦ ባሕር ዳር ይገባል። ብቸና ላይ በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም የተሰየመ ትምህርት ቤት አለ፤ ባሕር ዳር ላይ አውሮፕላን ማረፊያው በስሙ ይጠራል፤ አዲስ አበባም የበላይ ዘለቀ ጎዳና አላት። ለመሆኑ ስሙ ይህን ያህል የከበረው ሰው በጥር 1937 ዓ.ም. በዚያችው አዲስ አበባ፣ በገዛ አገሩ መንግሥት ፍርድ ተሰቅሎ መሞቱን ስንቱ የአደባባይ ንግግር ያነሣዋል? ቢያነሣውስ “በምቀኞች ሴራ” ብሎ ከማለፍ በቀር ምን ይላል?

“ምቀኛ” የምትለው ቃል ምቹ መሸሸጊያ ሆናለች። ምቀኛ ያማል፣ ነገር ያመላልሳል፤ ሰው ግን አይሰቅልም። ሰው የሚሰቀለው ችሎት ተሰይሞ፣ ዳኛ ፈርዶ፣ ፍርዱም ለዙፋኑ ቀርቦ ሲጸና ነው። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የፍርድ አስተዳደር አዋጅ የሞት ፍርድ ያለ ንጉሠ ነገሥቱ ማጽኛ እንዳይፈጸም ደንግጎ ነበር። ስለ ቤተ መንግሥት ሐሜተኞች ተንኮል ብቻ የሚተርክልን ሁሉ ፍርዱን ያጸናውን እጅ እየሸሸገ መሆኑን ይወቀው።

በላይ (“እርሱ” ማለቴን የሚነቅፍ ቢኖር፣ ሕዝቡ ለሚወደው አርበኛ “አንቱ” እንደማይል ያስታውስ) ጠላት ጎጃምን ሲይዝ ከቤተ መንግሥት የተላከ ሹም አልነበረም፤ ከመሳፍንት ወገንም አልነበረም። የብቸናን ገበሬ አስከትሎ፣ ዓባይን እየተሻገረ እስከ ወሎ ቦረና ድረስ እየተዋጋ፣ ጠላትን ባስለቀቀው ቀበሌ ዳኛና ሹም እየሾመ አምስቱን ዓመት ዘለቀ። ማዕረግ ውሰድ ሲሉት እናቱ ስታወጣለት “በላይ” እንዳለችውና ከዚያ በላይ ሹመት እንደማይሻ መለሰ ይባላል። ሰሚው እንደ ቀልድ ይወስደዋል። ሹመት ከዙፋን ብቻ ይፈልቃል ብሎ ለሚያምን መንግሥት ግን ከዚህ የከፋ ቃል አልነበረም። ነጻነት ሲመለስ ኃይሉ በለው ራስ ተባሉ፤ በላይ ደጃዝማች ተብሎ ብቸና ተሰጠው። ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው፦ ከመንግሥት ጋር ተጋጨ፤ ሶማ ላይ ተዋጋ፤ እጁን ሰጠ፤ ሞት ተፈረደበት፤ ፍርዱ ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠለት፤ ከእስር አምልጦ ተያዘ፤ ተሰቀለ።

እዚህ ላይ ወዳጆቹ የማይወዱትን ጉዳይ ላንሣ። በመጋቢት 1933 ዓ.ም. ደብረ ማርቆስን የለቀቀው የኢጣልያ ጦር ዓባይን የተሻገረው ከደጀን ቁልቁል በሳፋርታክ በኩል ነበር። ጦሩን በዚያ በረሃ ይቆርጠዋል ተብሎ የተጠበቀው በላይ ነበር፤ ጦሩ ግን አለፈ። ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የገቡት የእንግሊዝ መኮንኖች በላይን ከሰሱት፤ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ልጃቸውን ሊድሩለት ቃል ስለገቡለት መንገዱን ለቀቀ አሉ። ያ ጦር በግንቦት ወር አጊባር አካባቢ እጁን እስኪሰጥ ድረስ ተጨማሪ ደም አፍስሷል።

ይህ ክስ ቀላል አይደለም። በየበዓሉ ስለ በላይ የሚያወድሱን ሰዎች ሳፋርታክ የሚባል ቦታ በካርታ ላይ ያለ አይመስላቸውም። በአንጻሩ የዙፋኑ ጠበቆች ሳፋርታክን እንደ ፍርድ ማስረጃ ያቀርቡልናል፤ “አስቀድሞም ልቡ ከሁለት የተከፈለ ነበር” ይሉናል። እስኪ እንጠይቃቸው፤ በላይ ከሳፋርታክ በኋላ አይደለምን ደጃዝማች የተባለው? ጥፋት ሆኖ የታየ ከሆነ ስለምን ተሾመ? ጥፋት ካልነበረ ደግሞ መሰቀሉን ለማስረዳት ዛሬ ስለምን ይጠቀሳል? መንገዱን ለቀቀ ወይስ ጦሩን መቁረጥ አቃተው የሚለውን የሚለየው ምስክርነት ነው፤ ጭብጨባ አይደለም፣ ሐሜትም አይደለም።

ደግሞስ ራስ ኃይሉ ምን ሆኑ? ለጠላት አድረው ደብረ ማርቆስን ይዘው የቆዩት የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ልጅ በቁም እስር ዘመናቸውን ጨርሰው ሞቱ እንጂ አልተሰቀሉም። እንዲሰቀሉ ይገባ ነበር ማለቴ አይደለም። በበላይ ጎን የተሰቀለው ግን ልጃቸው ልጅ ማሞ ኃይሉ ነበር፤ ለጣልያን ያደረውና ጣልያንን የተዋጋው በአንድ ግንድ ላይ ተንጠለጠሉ። የበላይ ወንድም እጅጉም አብሮ ተሰቀለ። “ሕግ ሕግ ነው፤ ሁለት ጊዜ ያመፀን መንግሥት እንዴት ይተወዋል?” ለሚሉን መልሳችን ይኸው ነው። አባትየውን በቁም ያኖረ ምሕረት ነበረ፤ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነው ግን የጥፋቱ ክብደት እንዳልሆነ ሁለቱን ዕጣ ጎን ለጎን አድርጎ ያየ ይፈርዳል።

ሌሎች ሕዝቦች ዐማፂዎቻቸውን እንዴት እንደሚያስታውሱ ማየትም አይከፋም። ዌልሶች በ1400 እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር በእንግሊዝ ንጉሥ ላይ የተነሣውን ኦወን ግሊንዱርን እስከ ዛሬ ያነሡታል። ተሸነፈ፤ ምሕረት ቢላክለትም አልገባም፤ መቃብሩ አይታወቅም፤ የደበቁት ሰዎች አሳልፈው አልሰጡትም። እርሱ ግን የታደነው በባዕድ ንጉሥ ነበርና እርሱን ማክበር ለዌልስ ሰው ቀላል ነው፤ የሚወቀሰው ሌላ ነው። የእኛ አርበኛ ባዕድን አባርሮ ለገዛ ንጉሡ እጁን ሰጠ። በላይን ስናከብር የምንጠይቀው ራሳችንን ነው፤ ጥያቄው ስለሚያስፈራም ነው ስሙን በሕንፃ ላይ ለጥፈን የምናመልጠው።

ከዘውዱ ወዲህ የመጣው መንግሥትስ ከዚህ ተማረን? ደርግ ንጉሣዊውን ሥርዓት በግፍ ከሰሰ፤ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ግን የንጉሡን ሹማምንት ያለ ችሎት ረሸነ። በላይ ቢያንስ ዳኛ ፊት ቆሟል። ከዚያም በኋላ የመጡት በስሙ ከመሰየም አልፈው ፍርዱን ሲመረምሩት አላየንም። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በአማራ ክልል ጦርነት ከተቀሰቀሰ ወዲህ ደግሞ ስሙ በታጣቂውም አፍ ይጠራል፤ በእርሱ ስም የተሰየመውን አውሮፕላን ማረፊያ የሚያስተዳድረውም መንግሥት ይጠራዋል። ሁለቱም የእኔ ነው ይላሉ፤ ሁለቱም ስለ ሳፋርታክም ሆነ ስለ ችሎቱ አያነሡም። በመካከል ያለው የብቸና ገበሬ፣ አያቱ ከበላይ ጋር የዘመተው፣ የራሱን ታሪክ ከአዝማሪ ግጥም በቀር የሚያነብበት ሰነድ በእጁ የለም። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ ነው።

ስለዚህ ጥያቄያችን ተጨማሪ ሐውልት አይደለም። የ1937ቱ ችሎት መዝገብ፣ ክሱ፣ የምስክሮቹ ቃል፣ ውሳኔውና ማጽኛው በብሔራዊ ቤተ መዛግብትም ሆነ በፍርድ ቤት ካለ ሙሉ በሙሉ ይታተም፤ ሳፋርታክን የሚመለከተው ሁሉ ሳይቆረጥ ይውጣ። ጠፍቶ ከሆነም መቼ በማን እጅ እንደጠፋ በይፋ ይነገር። ቅጂውም ለደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትና ስሙን ለተሸከመው ለብቸናው ትምህርት ቤት ይሰጥ፤ ተማሪዎቹ የሚማሩበት ግቢ በማን ስም እንደሚጠራ ያውቃሉ፣ ያ ሰው በምን ክስ እንደተሰቀለ ግን ማንም በጽሑፍ አላሳያቸውም።