«ሦስት ሰዓት ላይ ይዘንባል»

ሐምሌ አጋማሽ ላይ፣ አንድ ሰኞ ጠዋት፣ ስልኬን ከፍቼ የሳምንቱን የአየር ሁኔታ አየሁ። ሰባት ቀን፣ ሰባት ደመና። ከእያንዳንዱ ደመና ሥር ጠብታ፣ ሁለቱ ላይ ደግሞ መብረቅ ተጨምሮበታል። አዲስ አበባ በሐምሌ እንደሚዘንብባት ለመንገር ሳተላይት ማምጠቅ አያስፈልግም ነበር። ይህንን እኮ ጃንጥላ ጠጋኙም ከሰኔ ጀምሮ ያውቀዋል።

የምኖረው ቀበና፣ ከወንዙ ብዙም በማይርቅ የጋራ ግቢ ውስጥ ነው። ስድስት ቤት፣ አንድ ቧንቧ፣ አንድ የልብስ ገመድ። ግቢያችን ውስጥ የሰው ልብስ አጥበው የሚኖሩ እትዬ አሉ። ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ የሚያጥቡበትን ቀን የሚመርጡት እሳቸው አይደሉም፤ ውሃ የመጣ ቀን ያጥባሉ። ያን ሰኞ ውሃ መጥቷል። አራት ትልልቅ ብርድ ልብስ ተቀብለው በር ላይ ከምረዋል።

«አንቺ ልጅ፣ ያ ስልክሽ ዛሬ ምን ይላል?» አሉኝ።

ጥርሴን እየቦረሽኩ፣ ታክሲ እንዳያመልጠኝ እየተጣደፍኩ፣ ስክሪኑን በአንድ ዓይኔ አየት አድርጌ «ሦስት ሰዓት ላይ ይዘንባል ይላል» አልኳቸውና ወጣሁ።

ስልኬ የሚሠራው በፈረንጅ ሰዓት ነው። የጻፈው ሦስት ሰዓት ከሰዓት በኋላ ነው፤ በእኛ ዘጠኝ ሰዓት መሆኑ ነው። እኔ ያየሁትን ቁጥር እንዳለ አነበብኩት። እትዬ ብርድ ልብሱን ሳይነክሩ እስከ ሦስት ሰዓት ጠበቁ። ሦስት ሰዓት ሆነ፣ ጠብታ የለም። ሦስት ተኩል ሆነ፣ ፀሐይዋ ጭራሽ ደመቀች። «ይሄ ስልክ ድሮም ውሸታም ነው» ብለው ነከሩ፣ አጠቡ፣ ሰባት ሰዓት ላይ አሰጡ። ከዚያ ያለቀለትን ልብስ ለባለቤቶቹ ሊያደርሱ ወጡ። ዘጠኝ ሰዓት ከአምስት ላይ በረዶ ወረደ።

ብርድ ልብሶቹ እስኪደርቁ ዓርብ ሆነ። ሲደርቁም ያ የሻጋታ ሽታ አልለቀቃቸውም። ያሳጠበችው ሴትዮ ግማሹን ብቻ ከፈለች።

ልብ በሉ፣ ትንበያው ትክክል ነበር። በአምስት ደቂቃ ነው የሳተው። ያን ያህል መቅረቡ ዕድል ነው፣ ሁልጊዜ እንደዚያ አይገጥምም፤ ግን የዚያን ቀን ትክክል ነበር፣ አራት ብርድ ልብስም አበሰበሰ።

ስለዚህ የምሟገተው ይህንን ነው፦ ትንበያ የሚያልቀው ኮምፒውተሩ ቁጥሩን ሲያወጣ አይደለም። የሰማው ሰው ልብሱን ያውጣ ወይስ ያስገባ ሲያውቅ ነው የሚያልቀው። ያቺን የመጨረሻ ሥራ በዚህ ከተማ የሚሠራት ደግሞ ያ የምንንቀው ወሬ ነው። ደጃፍ ላይ፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ፣ በቆሎ የምትጠብሰዋ ልጅ ዘንድ ቆመን የምናወራው የአየር ወሬ።

እንንቀዋለን፣ አትካዱ። አሁን አሁን ኢንተርኔት ላይ ራሱን የቻለ ፋሽን ሆኗል፤ «ስለ አየር ጠባይ የሚያወራ ሰው የሚያወራው ያለቀበት ነው» የሚሉ፣ ጥልቅ ውይይት ካልሆነ አፋቸውን የማይከፍቱ ልጆች አሉ። አንድ ጊዜ ቡና ላይ አንዱ እንደዚህ ሲለኝ እውነት መስሎኝ አፍሬ ዝም አልኩ። ይህ ንቀት የመጣው ዝናብ ማለት ጃንጥላ መያዝና አለመያዝ ብቻ ከሆነበት አገር ነው። እኛ ጋ ግን «ዛሬ እንዴት ነው፣ ይጥላል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ሥራውን እያቀደ ነው። ጉሊት የተቀመጠችው ሴት ቲማቲሙን በስንት እንደምትሸጥ የምትወስነው ሰማዩን አይታ ነው፤ ዶፍ ከመጣ ገዢ የለምና ከስምንት ሰዓት በፊት ዋጋ ትቀንሳለች። የግንበኛው ቀን ሠራተኛ ሲሚንቶው ሲቦካ ዘነበ አልዘነበ ማለት ለሱ የዕለት ገቢው ማለት ነው። ብቅል ያሰጣችው፣ ሽሮዋን ያሰጣችው፣ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፤ ስንት ሰዓት አለኝ?

ስልኩ ይህንን ጥያቄ ለምን በደንብ እንደማይመልስ ማወቅ ደስ ይላል፣ ትንሽ ታገሡኝ። ዓለምን በሙሉ የሚተነብዩት ትልልቅ የኮምፒውተር ሞዴሎች ምድርን በአራት ማዕዘን ይከፋፍሏታል። በጣም ደቃቅ ከሚባሉት አንዱ፣ የአውሮፓው፣ አንዱ ጎኑ ወደ 9 ኪሎ ሜትር ነው። ፒያሳና ቦሌ እዚያ አንድ አራት ማዕዘን ውስጥ ተጠጋግተው ሊገቡ ይችላሉ። የክረምት ከሰዓት ደመና ግን ልማዱ ሌላ ነው። ጠዋት ፀሐይ ትወጣለች፣ የረጠበውን መሬት ታሞቃለች፣ እርጥበቱ ወደ ላይ ይነሳል፣ ተራራው ደግሞ ከኋላ ይገፋዋል፤ ሁለት ሦስት ሰዓት ሳይሞላ ጥቂት ኪሎ ሜትር የምትሰፋ ጥቁር ደመና ተሠርታ አንዱ ሰፈር ላይ ትራገፋለች። ሜክሲኮ ሰው በበረዶ ሲደበደብ ገርጂ ፀሐይ ይሞቃል። ለዚህ ነው እናቶቻችን ጠዋት የምትጠብስ ፀሐይ ሲያዩ «ይቺ የዝናብ ፀሐይ ናት» የሚሉት። ፊዚክሱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሱት።

እና ያ ደመና የት እንዳለ የሚያውቀው ማን ነው? «እዚያ ዘነበ እንዴ?» ብሎ የሚደውለው ነው። «ስድስት ኪሎ ዶፍ ነው፣ ባትወጣ ይሻልሃል» የሚለው ነው። ከላይ የወረደው ታክሲ ጣሪያው ረጥቦ ሲመጣ አይቶ «እንጦጦ ጀምሯል» የሚለው ረዳት ነው። ሌላው አገር ለዚህ ራዳር ይተክላል። እኛ አፍ አለን። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ ግቢያችን ውስጥ «እንጦጦ ጠቆረ» ከተባለ ገመዱ ላይ ያለው ልብስ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይገባል፤ የማንም ልብስ ይሁን የማንም።

(አክስቴ ኩዌት ናት። በእነሱ በጋ ሙቀቱ ከ45 ዲግሪ ሲያልፍ ትደውልና «ስልኩን ወደ ቆርቆሮው አስጠጊልኝ» ትለኛለች። ዝናቡ ቆርቆሮ ሲመታ ዝም ብላ ትሰማለች። ይሄም የአየር ወሬ ነው፤ ለጥልቅ ውይይት ወዳዶቹ ይድረስልኝ።)

አሁን ወደ ሌላው ጥፋተኛ ልለፍ። የቴሌቪዥንና የሬዲዮ የአየር ትንበያ ቋንቋ ማንን ነው የሚያናግረው? «በአብዛኛው የሀገሪቱ አካባቢዎች ከመደበኛ እስከ ከመደበኛ በላይ የሆነ ዝናብ ይኖራል።» መደበኛ ማለት ምን ማለት ነው? ብዙውን ጊዜ የ30 ዓመት አማካይ ነው፤ ከሱ ጋር ተነጻጽሮ ነው በላይ፣ በታች የሚባለው። ሳይንሱ ትክክል ነው፣ ለባለሙያም ይጠቅማል፣ በየአሥር ቀኑ የሚወጣውን ትንበያ ለገበሬው የሚያብራሩ የግብርና ባለሙያዎች እንዳሉም አውቃለሁ። ግን በ2007 ዓ.ም. ክረምት በኤልኒኞ ምክንያት ዝናቡ ሲከዳ፣ በማግስቱ ዓመት ከ10 ሚሊዮን በላይ ሰው የምግብ ርዳታ ፈላጊ ሆነ። ያ ሁሉ ረሃብ በዚያ ቋንቋ ሲነገር «ከመደበኛ በታች» ነው። ሁለት ቃል፣ ያውም ለስላሳ። ሰው በዚህ ቃል በሬውን ሳይከሳ ይሽጠው ወይስ ይጠብቅ ይወስናል ብዬ አላምንም።

በሌላ በኩል ለወሬያችን ብቻ ጠበቃ ቆሜ ልሂድ ብል ራሴን እዋሻለሁ። የሰፈር ወሬ የራሱን ሰማይ ነው የሚያየው። ከሐምሌ 29 ለ30 አጥቢያ 1998 ዓ.ም. ድሬዳዋ የሆነው ይህንን ያስተምራል። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። የዚያን ሌሊት ከከተማዋ በላይ ያለው የሐረርጌ ደጋ ላይ ከባድ ዝናብ ጣለ፣ ውሃው አሸዋውን ይዞ ወረደ፣ ሰው በተኛበት ከ250 በላይ ነፍስ ጠፋ። ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ሽቅብ ሰማይ ማየት ያን ሌሊት ለማንም አይጠቅምም ነበር። መጠየቅ የነበረበት «ዛሬ እዚህ ይዘንባል ወይ?» ሳይሆን «ከላይ ዘንቧል ወይ?» ነበር፤ ያንን የሚያይ ሰውና መሣሪያ፣ አይቶም በሌሊት በር የሚያንኳኳ ሰው ያስፈልግ ነበር። እኛም ቀበና ዳር የምንኖረው ያው ነን። ወንዙ የሚመጣው ከእንጦጦ ነው። እኛ ጋ ካፊያ እንኳ ሳይኖር ሌሊት ድንጋይ ሲያንከባልል የሰማሁባቸው ቀኖች አሉ፤ ያኔ የታችኛው መደዳ ሰዎች መብራት ያበራሉ፣ ከእንቅልፋቸው ተነሥተው ፍራሹን አልጋ ላይ ይቆልላሉ። ለነሱ በስልኩ ላይ የምትታየው ደመና ከኔ ደመና ጋር አንድ ናት። ጠብታዋም አንድ ናት። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

ስለዚህ መሣሪያው ያስፈልገናል፣ ወሬውም ያስፈልገናል፤ የጎደለው መሃል ላይ ያለው ሰው ነው። ቁጥሩን በኢትዮጵያ ሰዓት የሚያነብ፣ ፐርሰንቱን የሚያስረዳ። ሠላሳ ፐርሰንት ማለት የቀኑ ሠላሳ ፐርሰንት ይዘንባል ማለት አይደለም፤ እንደዚህ ዓይነት አሥር ቀን ቢመጣ በሦስቱ ይጥልብሃል ማለት ነው። አራት የሰው ብርድ ልብስ ላሰጣ ሴት ከአሥር ሦስት ብዙ ነው፤ ጃኬቱን ረስቶ ለወጣ ተማሪ ምንም አይደለም። አንዱ ቁጥር ለሁለቱ አንድ ዓይነት ምክር ሊሆን አይችልም። ይህንን የሚያውቀው የጠየቀውን ሰው የሚያውቅ ሰው ብቻ ነው። ይሄ ሰው ደግሞ እኔና አንተ ነን፣ አንቺ ነሽ፤ ስልክ ያለን፣ እንግሊዝኛውን የምናነብ፣ ስንጠየቅ በአንድ ዓይናችን አየት አድርገን የምንሮጥ።

አንድ ዓረፍተ ነገር ደግሞ ከወሬያችን ቢወጣ ደስ ይለኛል፤ «ክረምት ነው፣ ምን ይደረግ» የምትለዋ። የውሃ መውረጃው በፕላስቲክ ተደፍኖ መንገዱ ሐይቅ ሲሆን፣ ክረምት ነው። መብራት ሲጠፋ፣ ክረምት ነው። ትናንት የተነጠፈው አስፋልት ዛሬ ሲቦረቦር፣ ክረምት ነው። ክረምት እኮ በየዓመቱ በሰኔ የሚመጣ እንግዳ ነው፤ ቀን አይዘልም፣ ቀጠሮ አያፈርስም። እንዲህ ያለ እንግዳ ሲመጣ «ድንገት መጣብን» የሚል ባለቤት ምን ይባላል? ስለ ሰማዩ እናውራ፣ በደንብ እናውራ፤ የሰው ጥፋት ግን በሰማዩ ላይ አይለጠፍ።

የራሴን ሳልናገር ላልፍ ነበር። ያን ሰኞ ማታ እትዬ ብርድ ልብሱን እየጨመቁ «ስልክሽ ዋሸኝ» ሲሉኝ ምን እንደተፈጠረ ገብቶኛል። ዘጠኝ ሰዓትን ሦስት ሰዓት ብዬ የነገርኳቸው እኔ መሆኔን አውቄያለሁ። ዝም አልኩ። ስልኩ ላይ መላከክ ቀላል ነው፣ አይመልስም። ማክሰኞም ዝም፣ ረቡዕም ዝም። ሐሙስ ማታ ብርድ ልብሶቹ አሁንም ገመድ ላይ እንደተንጠለጠሉ ሳይ አልቻልኩም፤ በራቸው ላይ ሄጄ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡ።

«ታዲያ የፈረንጅ ሰዓት መሆኑን ለምን አልነገርሽኝም? እኔ እኮ ለልጄ ስደውል እሱኑ ነው የምቆጥረው» አሉኝ። ልጃቸው ቤይሩት ናት። እኔ ለሳቸው ልተረጉም የሚገባኝ መስሎኝ ስቆጭ እሳቸው ከኔ በላይ ያውቁታል።

የጎደለውን ግማሽ ክፍያ ልሰጣቸው ብል አልቀበልም አሉ። በምትኩ ሥራ ሰጡኝ። አሁን ጠዋት ጠዋት ቧንቧው ጋ ቆሜ አነባለሁ፤ ሰዓቱን በእኛ ቆጥሬ፣ ነፋሱን ጨምሬ። ደመና ብቻ ብዬ ብሄድ ይጠሩኛል። የታችኛው መደዳ ሁለት ሴቶችም መምጣት ጀምረዋል፤ እነሱ የሚጠይቁኝ ስለ ልብስ አይደለም።

ዛሬ ጠዋት፦

«እህሳ?»

«እስከ ሰባት ሰዓት ፀሐይ ነው። ስምንት ሳይሞላ ያስገቡት። ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ከባድ ይላል።»

«ሌሊትስ?» አለች ከታች የመጣችው።

«ሌሊት እዚህ ጋ ቀላል ነው የሚለው።»

«እዚህን ተዪው፣ እንጦጦ።»

ቦታውን ቀይሬ እንጦጦ ብዬ ጻፍኩና እስኪከፈት ጠበቅን።