መቼት የጎደለው ዕረፍት

«ዘጠኝ ሌሊት፣ ሁለት ከተማ፣ ሦስት ደሴት!» ታይላንድን አይቼ ልምጣ የሚል ሰው እጅ ላይ የማየው ዕቅድ ሁሉ ይህንኑ የመሰለ ነው። ባንኮክ ሁለት ሌሊት፣ ቺያንግ ማይ ሁለት ሌሊት፣ ፑኬት ሁለት ሌሊት፣ ፒ ፒ አንድ ሌሊት፣ ሳሙይ ሁለት ሌሊት፤ ከዚያ ሻንጣን አሳክሞ ወደ ቤት። በሠንጠረዥ ተሠርቶ፣ በቀለም ተለይቶ ሲታይ እንዴት ያምራል! የጎደለው ነገር ያለ አይመስልም። እኔ ግን ጎድሎታል ባይ ነኝ፤ የጎደለውም ግማሹ ነው።

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት «መቼት» የምንላት ቃል አለች። «መቼ» እና «የት» ተጋብተው የወለዷት ናት፤ አንድ ታሪክ የተፈጸመበትን ጊዜና ቦታ ሳትነጣጥል ይዛ ትዞራለች። የዛሬው የዕረፍት ዕቅድ ታዲያ «የት» ብቻ ነው። የት እንሂድ፣ የት እንደር፣ የት ፎቶ እንነሣ። «መቼ» የሚባለው ወገን ሠርጉ ላይ አልተጠራም።

በዝናቡ እንጀምር። ታይላንድ ባለ ሁለት ባሕር አገር ናት። ፑኬትና ፒ ፒ በምዕራብ በኩል አንዳማን ባሕር ላይ ናቸው፤ ሳሙይ በምሥራቅ በኩል በታይላንድ ባሕረ ሰላጤ ውስጥ ናት። የሁለቱ ክረምት አይገጥምም። በአንዳማን በኩል ከግንቦት እስከ ጥቅምት ይዘንባል፤ ባሕሩም ይናወጣል። የሳሙይ ከባዱ ዝናብ የሚወርደው ደግሞ ያኛው ሊያባራ ሲል ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ በተለይ ኅዳር ላይ። ይኼን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት ነበረብኝ? ጎንደር በሐምሌ ጭቃ ሲያቦካ ቦረና ደረቅ መሆኑን እያወቅን፣ አንድ አገር ማለት አንድ ሰማይ ማለት እንዳልሆነ ከእኛ በላይ ማን ያውቃል? ግን ባሕር ማዶ ስንሻገር ይጠፋብናል። ልጆች ትምህርት ቤት ሲዘጋላቸው በሐምሌ የሚሄደው ቤተሰብ ሁለቱንም ባሕር ባንድ ዕቅድ ያስገባና፣ ግማሽ ዕረፍቱን ፑኬት ላይ በሆቴል መስኮት ዝናብ ሲቆጥር ያሳልፋል።

ሰሜን ሲኬድ ሌላ መቼ አለ። ቺያንግ ማይ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ መጀመሪያ ድረስ የሚቃጠለው የእርሻ ገለባና የጫካ ጢስ ይታፈንባታል፤ አየራቸው እጅግ ከተበከለ የዓለም ከተሞች ተርታ የምትሰለፍባቸው ቀናት አሉ። ተራራ ላይ ወጥቶ ከተማዋን ቁልቁል አያለሁ ያለ ሰው የሚያየው ጉም የመሰለ ጢስ ነው። ሁሉም ነገር የሚገጣጠምበት ጊዜ የለም ወይ? አለ፤ ጥር ግድም። ያን ጊዜ ደግሞ የሆቴሉ ዋጋም የሰዉ ብዛትም ጣሪያ ይነካል።

አሁን ወደ ሒሳቡ። ዘጠኝ ሌሊት ማለት የመድረሻውና የመመለሻው ቀን ሲወጣ ስምንት ሙሉ ቀን ነው። በመካከሉ አራት ጊዜ ከቦታ ቦታ ይዛወራሉ። በረራው የአንድና የሁለት ሰዓት ነው ቢሏችሁ አትመኑ። ሻንጣ ማሰር፣ ሆቴል መልቀቅ፣ የባንኮክን የመኪና መጨናነቅ ማለፍ፣ ወረፋ፣ ጥበቃ፣ እንደገና ታክሲ፣ እንደገና ሆቴል፤ ግማሽ ቀን በላ። ከፒ ፒ ወደ ሳሙይ የሚደረገውማ ምኑ ቅጡ! በጀልባ ወደ ክራቢ፣ በአውቶቡስ አገር አቋርጦ ወደ ምሥራቁ ጠረፍ፣ ከዚያ ሌላ ጀልባ። እዚያው መሸ። ሦስት ግማሽ ቀንና አንድ ሙሉ ቀን ስትቀንሱ ለአምስት ቦታ አምስት ቀን ተኩል ይቀራል። ከቦሌ የተነሣ ሰው ደግሞ ሌሊቱን ዘጠኝ ሰዓት ያህል በርሮ፣ ከእኛ በአራት ሰዓት የሚቀድም አገር ደርሶ፣ የመጀመሪያዋን ቀን በእንቅልፍ ልብ ነው የሚያልፋት። ግማሿም ሄደች።

«ገንዘቤን ከስክሼ በዕድሜዬ አንዴ ነው የምሄደው፤ ለምን ሁሉንም አላይም?» የሚል አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ አልቀልድበትም። ቆጥቦ ቆጥቦ ለሄደ ሰው «ትንሽ እይ» ማለት ጠግቦ የሚያድር ሰው ምክር ይመስላል። ነገር ግን በዕድሜው አንዴ የሚሄደው ሰው ነው ቀኑን አውሮፕላን ማረፊያ ውስጥ መጨረስ የማይገባው! የዕቅድ ሻጮቹ ዘዴ ይኸው ነው፤ የቦታ ስም በሰልፍ ደርድረው ይሸጡልናል፣ ጊዜ ግን አይሸጡም።

ባንኮክ እኮ ለእኛ ሰው እንግዳ አገር አይደለችም። በሽተኛ ይዞ ለሕክምና የሰነበተ አለ፤ ልብስ ሊያመጣ ፕራቱናም ገበያ የተመላለሰ ነጋዴ አለ። ነጋዴውን ጠይቁት። ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ስንት ሰዓት ላይ እንደሚወርድ፣ የትኛዋ የመንገድ ዳር ሴትዮ ሾርባ ጣፋጭ እንደሆነ፣ ቻኦ ፕራያ ወንዝ ላይ በጀልባ መሄድ ከታክሲ እንዴት እንደሚፈጥን ይነግራችኋል። ዕረፍት አልወጣም፤ ግን ባንድ ሰፈር ቆይቷል። ሁለት ሌሊት አድሮ ሰባት ቤተ መቅደስ የቆጠረው ጎብኚ ያመጣው ፎቶ ነው። (ያውም በቁምጣ ሄዶ ከታላቁ ቤተ መንግሥት በር ካልተመለሰ። እዚያ ጉልበትና ትከሻ ሳይሸፈን አይገባም።)

እስካሁን ያልኩት ገንዘብና ድካም ነው፤ የከፋው ከዚህ ወዲያ ነው። ባዶ ቀን የሌለው ዕቅድ ማዕበል ሲመጣ ማፈግፈጊያ የለውም። ሰኔ 28 ቀን 2010 ዓ.ም. ከፑኬት ደሴት ወጣ ብሎ ጎብኚዎች የጫነ ጀልባ በማዕበል ተመትቶ ሰጠመ። 47 ቻይናውያን ሞቱ፤ ከነልጆቻቸው የነበሩ ነበሩባቸው። የአየር ጠባይ ማስጠንቀቂያ አስቀድሞ ወጥቶ ነበር። ጀልባዋን ያወጡት ሰዎች ጥፋት የሕግ ጉዳይ ነው፤ ወደ ተጓዡ ልለጥፈው አልፈልግም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ወሩ ሰኔ ነበር፤ አንዳማን ባሕር የሚቆጣበት ወር። ነገ ሌላ ከተማ የሚጠብቀው ጎብኚ «ዛሬ ባሕሩ ከፍቷል፣ ነገ እንሂድ» ለማለት ነገ የሚባል ቀን የለውም። ለነገ ሌላ ቲኬት ተቆርጧል። የጀልባው ባለቤትም ይህን ያውቃል።

ባሕሩስ ቢሆን? ፒ ፒ ሌ ደሴት ላይ ማያ ቤይ የምትባል የባሕር ዳርቻ አለች። ዝነኛ ያደረጋት እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው «ዘ ቢች» የተባለው ፊልም ነው። ፊልሙ የተወሰደው አሌክስ ጋርላንድ እ.ኤ.አ. በ1996 ካሳተመው ልቦለድ ሲሆን፣ ልቦለዱ ማንም ያልደረሰበት ዳርቻ እናገኛለን ብለው ስለሄዱና የደረሱበትን ስላበላሹ ወጣቶች ነው። መቼቱም ሳሙይ አጠገብ፣ በዚያኛው ባሕር ነበር፤ ፊልም ሠሪዎቹ ወደ አንዳማን አዛወሩት። አንባቢ ቢኖር ማስጠንቀቂያ ነበር፤ ተመልካቹ ግን አድራሻ አድርጎ ወሰደው። በቀን እስከ 5,000 ሰው ይጎርፍባት ጀመር። መልሕቁና የሰዉ እግር ዛጎል ድንጋዩን ሰባብሮ ሲጨርሰው መንግሥት እ.ኤ.አ. በጁን 2018 ዘጋት፤ የተከፈተችውም በጃንዋሪ 2022 ነው። ሰው ሲጠፋ ሻርኮቹ ተመለሱ። ዛሬ ጀልባ ወደ ዳርቻዋ አይጠጋም፤ ከጀርባ ወርዶ በእግር ነው የሚገባው። በየዓመቱም በኦገስትና በሴፕቴምበር፣ ማለትም ከሐምሌ መጨረሻ እስከ መስከረም 20 ግድም፣ ትዘጋለች። የሲሚላን ደሴቶችም ከግንቦት እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ይዘጋሉ። አያችሁ፣ አገሬው ራሱ «መቼ»ን በር ላይ ዘበኛ አድርጎ አቁሞታል። የእኛ ሰው በነሐሴ ሄዶ «ዝግ ነው አሉን!» ብሎ ያማርራል።

ዕቅድ አውጪዎች ሆይ፣ ወረቀቱን ገልብጡትና ከወሩ ጀምሩ። የምትወጡት ሐምሌ ከሆነ ባሕራችሁ ሳሙይ ነው፤ ጥር ከሆነ ፑኬት ወይም ፒ ፒ። አንድ ከተማ፣ አንድ ባሕር። ባሕሩን ካያችሁ በኋላ ወደ አገር በምትመለሱበት ዋዜማ ወደ ባንኮክ ግቡ እንጂ በዚያው ቀን ከጀልባ ወደ አውሮፕላን አትዝለሉ። በመካከሉም ምንም ያልተጻፈበት አንድ ቀን ተዉ፤ ቢዘንብ ለዝናቡ ይሁን፣ ባይዘንብ ለእናንተ።

«ቺያንግ ማይስ ይቅር ማለት ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። ዘንድሮ ይቅር። ከተማዋ ከተቆረቆረችበት እ.ኤ.አ. ከ1296 ጀምሮ ከዚያው ተራራ ሥር ናት።